የትምህርት ቤት ሰው ስትቆጥሩ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ባለ አንድ የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መጀመሪያ በመምህርነት፣ በኋላ በምክትል ርዕሰ መምህርነት ሠርቻለሁ። የክፍል ድልድልና የሰው ኃይል ጥያቄ በየዓመቱ በእጄ ያልፍ ነበር። ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች አብዛኞቹን እኛው ሠርተናቸዋል፤ ዋጋውን የከፈሉት ግን ልጆቹ ናቸው።

ትልቁ ስህተት ጠቅላላ ተማሪን ለጠቅላላ መምህር አካፍሎ መቀመጥ ነው። የአገሪቱ መለኪያ ለአንድ መምህር 50 ተማሪ ነው። እንበልና 960 ተማሪና 24 መምህር አላችሁ። ሲካፈል 40 ይመጣል፣ ሪፖርቱ ያምራል። እስቲ አንደኛ ክፍል ገብታችሁ ቁጠሩ፤ 85 ልጅ ልታገኙ ትችላላችሁ። ለምን ቢባል ከ24ቱ ውስጥ ርዕሰ መምህሩና ምክትሉ አሉ፣ ትምህርት ላይ ያለ አለ፣ ደመወዙ እዚህ ሆኖ ወረዳ የሚሠራ አለ፣ የላይኛው ክፍል መምህራን ደግሞ በትምህርት ዓይነት ስለሚያስተምሩ ለጥቂት ተማሪ ብዙ ሰው ይሄዳል። የታችኛው ክፍል መምህር ግን ብቻዋን ናት።

አንድ ቀን እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ከኋላ ተቀምጬ አየሁ። መምህርቷ ደብተር ማረም የጀመረችው ከፊት ረድፍ ነው። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፤ ለ85 ልጅ ሲካፈል ለአንዱ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ከአጠገቤ ደቡ ላይ የተቀመጠው ልጅ «ረ»ን ወደ ግራ አዙሮ እየጻፈ ገጹን ሞላው፣ ከዚያም ገለጠና ሁለተኛውን ገጽ ጀመረ። ጥበቃው የተሰቀለውን ቸርኬ ሲመታ እሷ ገና አራተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። ስለዚህ ቁጥሩን በክፍል ለይታችሁ ጻፉ። አማካዩ ያንን ልጅ አያሳይም።

ሁለተኛው «መምህር አልጎደለንም» የሚለው ነው። የማኅበራዊ ሳይንስ መምህር ሦስት ሆኖ የሒሳብ አንድ ብቻ ሲሆን በቁጥር ሞልቷል፣ በሥራ ግን ጎድሏል። ወረዳ ስትጠይቁ «ሁለት መምህር ይጨመርልን» አትበሉ። «በሳምንት 30 ክፍለ ጊዜ ሒሳብ አለን፣ የሚያስተምረው አንድ ሰው ነው» በሉ። ሁለተኛውን ውድቅ ማድረግ ይከብዳል።

ጥያቄውን መስከረም ላይ ማቅረብም ሌላ ስህተት ነው። በጀት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው፤ በመስከረም የሚጠይቅ የተረፈ ካለ ነው የሚያገኘው። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ማን ዝውውር እንደጠየቀ፣ ማን ጡረታ እንደሚወጣ፣ ማን እንደምትወልድ እወቁ። የወሊድ ፈቃድ 120 ቀን ነው፣ ከአንድ ሴሚስተር ብዙውን ይወስዳል። እርግዝናው ማንም የሚያየው ነገር ሆኖ ሳለ ተተኪ ሳናስብ ቀርተን ሁለት ክፍል ያዋሃድንበት ጊዜ አለ። ልጆቹ መስኮት ላይ ሳይቀር ተቀምጠው ተማሩ።

አንደኛ ክፍልንና ኦ ክፍልን፣ ማለትም ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለውን ክፍል፣ ለተረፈ ሰው መስጠትም አለ። ድልድሉ ከላይ ይጀምርና ስምንተኛ ክፍል ጎበዝ ጎበዙን ይወስዳል፣ የቀረው ወደታች ይወርዳል። ማንበብ የሚለመደው ግን ታች ነው። ከታች ጀምራችሁ ደልድሉ፣ በቃ።

አሁን ማንም ወደማይቆጥራቸው ልምጣ፤ ጥበቃ፣ ጽዳት፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ሬከርድ (የተማሪ መዝገብ ያዥ)። «መጀመሪያ መምህር ይሟላ» ይባላል፣ እኔም እል ነበር። እኛ ዘንድ አንድ ዓመት የጽዳት ሠራተኛዋ ለቀቀችና ሳትተካ ቀረች። ሽንት ቤቱ ቆሸሸ፣ ከዚያ ተቆለፈ። የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ሴት ልጆች በእረፍት ሰዓት ወደ ቤት መሄድ ጀመሩ፣ ከሄዱ ደግሞ አይመለሱም። እኛ ስለ ሴቶች መቅረት ስብሰባ እንጠራለን፣ ወላጅ እንወቅሳለን። ነገሩ ከአንድ ሰው ቅጥር ጋር የተያያዘ መሆኑን ለማየት ወራት ፈጀብን። አንዲት ልጅ ናት ለሴት መምህርቷ የነገረቻት። የቤተ መጻሕፍቱም ነገር ያው ነው፤ ቁልፉ 28 ክፍለ ጊዜ ከያዘ መምህር ኪስ ውስጥ ካለ መጽሐፉ የለም ማለት ነው።

በጀት ከሌለ ጥበቃና ጽዳት በኅብረተሰቡ መዋጮ ይቀጠራል። ይህም ጥሩ ነው፤ ግን መዋጮውን መስከረም ላይ አትጠይቁ። ያኔ የገበሬው ጎተራ ባዶ ነው። ጥር ላይ፣ እህል ከገባ በኋላ፣ በእህልም ቢሆን ተቀበሉና የዓመቱን ደመወዝ ያዙ።

የመጨረሻው በአጨዳ ወቅት ቆጥሮ መወሰን ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ልጆቹ ጤፍ አጨዳና ውቂያ ላይ ናቸው፣ ክፍሉ ይሳሳል። ያኔ «ተማሪ አቋርጧል» ብላችሁ ክፍል አጥፋችሁ መምህሩን ለሌላ ትምህርት ቤት ከሰጣችሁ ጥር ላይ ልጆቹ ሲመለሱ መቀመጫ የለም፣ ሰውም የለም። ባለፉት ዓመታት በጸጥታው ምክንያት ተዘግቶ የቆየ ትምህርት ቤት ደግሞ የድሮ መዝገቡን ይዞ ማቀድ አይችልም። በአሥር ዓመቱ አንደኛ ክፍል የሚገባ ልጅ አለ፣ የሰፈሩ ሰውም ተበታትኗል። ጥቅምት ላይ አንዴ፣ የካቲት ላይ አንዴ፣ ስም እየጠራችሁ ቁጠሩ። ያልመጣውን ልጅ ቤቱ ድረስ ልካችሁ ጠይቁ፤ አጨዳ ላይ ነው ካሏችሁ ቦታውን አትንኩበት።