መኪናዎ መንገድ ላይ እንዳትቆምብዎ፦ ሞተር ሳይነሳ የሚደረግ ሳምንታዊ ፍተሻ

መኪና ድንገት ተበላሸች ሲባል ይሰማል እንጂ አብዛኛው ብልሽት ድንገተኛ አይደለም። ሞተሩ ከመፍላቱ በፊት የራዲያተሩ ውሃ ለሳምንታት በጥቂት በጥቂቱ ሲጎድል ቆይቷል፤ ጎማው ከመፈንዳቱ በፊት ንፋሱ አንሶ ሲነዳ ከርሟል። ይህን ቀድሞ ለማየት መካኒክ መሆን አያስፈልግም። በሳምንት አንድ ቀን ጠዋት፣ ቁልፍ ከማዞርዎ በፊት አሥር ደቂቃ ይበቃል። ጠዋት የምልበት ምክንያት አለኝ፤ ዘይቱም፣ የራዲያተሩ ውሃም፣ የጎማው ንፋስም ትክክለኛ ልካቸው የሚታወቀው መኪናዋ ቀዝቅዛ ሳለች ነው።

1. ያደረችበትን መሬት ይመልከቱ

ጎንበስ ብለው ከስር ይዩ። ጥቁር ወይም ቡናማ ቅባት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሞተር ወይም የካምቢዮ ዘይት ነው። አረንጓዴ ወይም ሮዝ ከሆነ ኩላንት (ራዲያተር ውስጥ የሚገባው የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ሊሆን ይችላል። ኤሲ ሲሠራ ከነበረ ንጹህ ውሃ ቢንጠባጠብ አያሳስብም። በጎማ አጠገብ ግን ቀለሙ የሳሳ፣ የሚያሙለጨልጭ ፈሳሽ ካዩ የፍሬን ዘይት ሊሆን ስለሚችል መኪናዋን አያንቀሳቅሱ። መካኒኩ እርስዎ ዘንድ ይምጣ።

2. የጎማ ንፋስ ይለኩ

ጎማን በዓይን አይቶ ወይም በእግር መትቶ ደህና ነው ማለት አይቻልም። የዛሬ ጎማዎች ንፋሳቸው በብዙ ቢጎድልም ሙሉ መስለው ይታያሉ። የራስዎ ትንሽ የንፋስ መለኪያ ይኑርዎት፤ ለመኪናዎ ከሚገዙት ዕቃ ሁሉ ከዚህ የሚበልጥ ጥቅም ያለው ጥቂት ነው።

ትክክለኛው ልክ የተጻፈው አብዛኛውን ጊዜ በሹፌሩ በር በኩል፣ በሩ ሲከፈት በሚታየው ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ነው። የፊትና የኋላው ልክ ሊለያይ ይችላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጎማው ጎን ላይ የታተመውን ቁጥር አይቶ ሲሞላ ነው፤ እሱ ጎማው የሚችለው የመጨረሻው ጣሪያ እንጂ ለመኪናዎ የታዘዘው ልክ አይደለም። ከነዱ በኋላ ጎማው ስለሚሞቅ ንፋሱ ከፍ ብሎ ይነበባል፤ ስለዚህ መኪናዋ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ቆማ ሳለች ይለኩ።

መለኪያውን ይዘው ሳለ አበላሉንም ይዩ። ሁለቱ ጠርዝ ብቻ ካለቀ ንፋሱ ሲያንስ ኖሯል፤ መሐሉ ብቻ ካለቀ ሲበዛ ኖሯል፤ አንዱ ወገን ብቻ ካለቀ የጎማ አሰላለፍ ማስተካከል ያስፈልጋል። ጎን ላይ ካሉት ቁጥሮች ባለአራት አሃዙ የተመረተበትን ጊዜ ይናገራል። ለምሳሌ 2319 ማለት እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ትርፍ ጎማውንም አይርሱ፤ ለችግር ጊዜ ተቀምጦ ባዶ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው።

3. ዘይቱን ይዩ

መኪናዋ ሜዳ ላይ ትቁም። ኮፈኑን ከፍተው የዘይት መለኪያውን ዘንግ ይሳቡ፣ በንጹህ ጨርቅ ይጥረጉ፣ እስከ መጨረሻው መልሰው ያስገቡና እንደገና አውጥተው ያንብቡ። የመጀመሪያው ንባብ አይታመንም። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆን አለበት። ከጎደለ በጥቂቱ እየጨመሩ ይለኩ፤ ከላይኛው ምልክት ማለፍም ጉዳት አለው፤ ትርፉ ዘይት በሞተሩ ውስጥ እየተመታ አረፋ ሊሆንና በደንብ ማለስለስ ሊያቅተው ይችላል። መጥቆሩ ብቻውን አያስደንግጥዎ። በዘንጉ ላይ ወተት እንደገባበት ነጥቶ ከታየ ግን ውሃ ከዘይቱ ጋር ሳይቀላቀል አልቀረም፤ ሞተሩን ሳያስነሱ መካኒክ ይጥሩ።

4. የራዲያተር ውሃ

በፕላስቲክ ማጠራቀሚያው ላይ ያሉትን ሁለት ምልክቶች ከውጭ ማየት ይበቃል። ደጋግሞ የሚጎድል ከሆነ የሚፈስበት ቦታ አለ፤ መሙላት ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። ለረጅም ጊዜ ተራ ውሃ ብቻ መጠቀምም ውስጡን ያዝጋል፤ ኩላንት የሚፈላበትን ሙቀት ከፍ ከማድረጉም በላይ ዝገትን ይከላከላል።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምንዎታለሁ፦ ሞተሩ በጋለበት ሰዓት ክዳኑን በፍጹም አይክፈቱ። ውስጡ ያለው ውሃ ግፊት ስላለበት ከ100 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሞቆም ሳይፈላ ሊቆይ ይችላል። ክዳኑ ሲላቀቅ ግፊቱ ስለሚወርድ በቅጽበት ፈልቶ ፊትና እጅ ላይ ይረጫል።

5. ባትሪና ቺንጋ

የባትሪው ጫፎች ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ ይጽዳ። ገመዱን ሲፈቱ መጀመሪያ ኔጌቲቩን፣ ሲያስሩ ግን መጨረሻ ላይ ኔጌቲቩን። ሞተሩ ጠዋት እየደከመ መነሳት ከጀመረ ባትሪውን ያስለኩ፤ ሞተር ጠፍቶ ካደረ በኋላ 12.6 ቮልት አካባቢ ጤነኛ ነው። ከውጭ በሚታየው ቺንጋ (በሞተሩ የሚዞረው የጎማ ቀበቶ) ላይ ስንጥቅ ወይም የተፈተለ ክር ካዩ ሳይበጠስ ያስቀይሩት።

6. አሁን ያስነሱ

ዳሽቦርዱ ላይ የበሩት መብራቶች ሞተሩ ሲነሳ መጥፋት አለባቸው። ቢጫው ቶሎ ያስዩኝ ይላል፤ ቀዩ ግን አሁኑኑ ቁሙ ነው። በተለይ ቀዩ የዘይት ምልክት እየነዱ ሳለ ከበራ፣ እስከሚቀጥለው ጋራዥ ልድረስ ሳይሉ ጥግ ይዘው ሞተሩን ያጥፉ። ዘይት ሳይደርሰው የሚዞር ሞተር በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሊነክስ፣ ማለትም ተጣብቆ መዞር ሊያቆም ይችላል።

ወደ መንገድ ከመውጣትዎ በፊት በዝግታ እየሄዱ ፍሬን ይሞክሩ፤ ሬዲዮ ይጥፋ። ቀጭን ጩኸት የፍሬን ሸራው ሊያልቅ መቃረቡን ሊጠቁም ይችላል፤ ብረት ከብረት ሲፋተግ ከሰሙ ግን ሸራው አልቋል። የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያው ቀስ በቀስ ዝቅ ካለ ምክንያቱ የሸራ ማለቅ ሊሆን ስለሚችል ከመሙላትዎ በፊት ሸራውን ያሳዩ።

7. ይጻፉት

ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ባትሪ፣ የፍሬን ዘይት የተቀየሩበትን ቀንና ኪሎሜትር በአንድ ደብተር ይያዙ፤ የሚቀየሩበትን ርቀት ደግሞ ከመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ ይውሰዱ። በሞተሩ ውስጥ ያለው የታይሚንግ ቺንጋ (ቫልቮቹ በሰዓታቸው እንዲከፈቱና እንዲዘጉ የሚያደርገው) በተለይ ደብተር ይፈልጋል። ሽፋን ስላለው እንደ ውጪው ቺንጋ በዓይን አይታይም፤ ሲበጠስም በብዙ ሞተሮች ላይ ቫልቮቹን ያጣምማል። መኪናዋን ያገለገለች ገዝተው ከሆነና መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ ከሌለ፣ እንዳልተቀየረ ቆጥረው ያስቀይሩት።