ለአሜሪካ ዜግነት ሲያመለክቱ ሕጋዊ አመጣጥዎን በሰነድ ማስረዳት

ብዙ ሰው ኤን-400 ከተባለው የዜግነት ማመልከቻ ቅጽ ጋር የግሪን ካርዱን ኮፒ ካያያዘ ያለቀለት ይመስለዋል። የኢሚግሬሽንና የዜግነት ሕጉ አንቀጽ 318 ግን መቼ፣ በየት በኩልና እንዴት እንደገቡ የማስረዳቱን ሸክም የሚጥለው በአመልካቹ ላይ ነው። መርማሪው ካርዱ መጀመሪያውኑ ለእርስዎ ይገባ እንደነበር እንደገና ያያል። ስለዚህ ሳይፈርሙ በፊት የራስዎን ፋይል ይመርምሩ።

ከካርዱ ይጀምሩ። ምድቡ በአጭር ኮድ ተጽፏል፦ ዲቪ1 ዕጣው የወጣለት ሰው፣ ዲቪ2 የትዳር ጓደኛው፣ ዲቪ3 ልጁ ነው። ኤኤስ6 በጥገኝነት፣ አርኢ6 በስደተኝነት የመጣን ያመለክታል። ካርዱ ላይ ነዋሪ የሆኑበት ቀንም አለ። ለዜግነት የሚጠበቀው አምስት ዓመት የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ነው፤ ማመልከቻውን 90 ቀን አስቀድሞ ማስገባት ይቻላል። ጥገኝነት ላገኘ ሰው ቀኑ አንድ ዓመት ወደኋላ ይመለሳል። ግሪን ካርዱ ጁን 10 2023 ቢፈቀድ ካርዱ ላይ የሚጻፈው ጁን 10 2022 ነው፤ ማመልከት የሚቻለውም ከማርች 12 2027 ጀምሮ ይሆናል።

በኢሚግራንት ቪዛ የገቡ ከሆነ ዋናው ማስረጃ አሮጌው ፓስፖርት ነው። ቪዛው ያለበትን ገጽ ይግለጡ፤ ማህተሙ ላይ የገቡበት ኤርፖርትና ቀን አለ፣ አጠገቡም ኮዱ በእስክሪብቶ ይጻፋል። ፓስፖርት ሲያሳድሱ አሮጌውን አይጣሉ። በጉብኝት ወይም በተማሪ ቪዛ ገብተው እዚሁ ግሪን ካርድ ያገኙ ሰዎች አይ-94 የተባለው የመግቢያ መዝገብ ያስፈልጋቸዋል። በአውሮፕላን ለገባ ሰው ከ2013 ጀምሮ ከድንበር ጥበቃው ድረ ገጽ ይታተማል፤ ከዚያ በፊት ፓስፖርት ላይ የሚያያዝ ነጭ ካርድ ነበር።

በሜክሲኮ ድንበር ገብቶ ጥገኝነት ያገኘ ሰው አይስጋ። ወሳኙ የመኖሪያ ፈቃዱ በሕግ መሰጠቱ ነው። የመጣበትን መንገድ ግን በጥገኝነት ማመልከቻው ላይ እንዳለው አድርጎ በእውነት ይናገር።

ከሁሉ የሚከፋው የትዳር ጉዳይ ነው። “ያላገባ ልጅ” ተብሎ ቪዛ የወጣለት ሰው ከመግባቱ በፊት ካገባ፣ ቪዛው ለእርሱ መሆኑ ቀርቷል። “ማዘጋጃ ቤት አልፈረምንም” ማለት አያድንም፤ የቤተሰብ ሕጉ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ተክሊሉንም፣ ኒካሁንም፣ በሽማግሌ የተፈጸመውንም ጋብቻ ያውቃል። ዲቪ2 ወይም ዲቪ3 ሆኖ ከዋናው ባለ ዕድል ቀድሞ መግባትና የተወለደን ልጅ ሳያስመዘግቡ መቅረትም ያስጠይቃል። ውጤቱ ዜግነት መከልከል ብቻ አይደለም፣ ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ሊያደርስ ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ካለ ኤን-400 አያስገቡ፤ መጀመሪያ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ።

ያኔ የተሞላውን ካላስታወሱ፣ በመረጃ ነፃነት ሕጉ መሠረት የኤ-ፋይልዎን (መንግሥት የያዘውን የኢሚግሬሽን ፋይልዎን) ቅጂ ከኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ከዩኤስሲአይኤስ በኦንላይን ይጠይቁ። ቅጂው እስኪመጣ ማመልከቻውን ያቆዩት።

የቀን ልዩነትም ይፈትሹ። መስከረም 1 ቀን 1980 በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 1987 ነው እንጂ 11 አይደለም። ካርዱና የልደት ሰርተፍኬቱ ካልተስማሙ ምክንያቱን ማመልከቻው ተጨማሪ ገጽ ላይ ይጻፉ፤ የአማርኛውን ሰነድ ከእንግሊዝኛ ትርጉሙና ተርጓሚው ከፈረመበት ማረጋገጫ ጋር ያያይዙ። ለቃለ መጠይቁ ጊዜው ያለፈበትን ጨምሮ ፓስፖርቶችዎን በሙሉ ይዘው ይሂዱ።