ካላንቾው ለመለመ እንጂ አላበበም፦ ለወሎ ግቢዎች የሰኩለንት ችግርና መፍትሄ

አደይ አበባ ከመስቀል በኋላ ብዙ አይቆይም። ጥቅምት ሲጋመስ የደሴና የኮምቦልቻ ግቢዎች ገለባ መምሰል ይጀምራሉ። ከዚያ ወዲያ፣ የበልግ ዝናብ እስኪመጣ፣ ብዙ ውሃ ሳይጠይቁ ቀለም የሚሰጡት ቅጠላቸው ወይም ግንዳቸው ውሃ የሚቋጥር ተክሎች ናቸው፦ እሬት፣ እንዳሁላ፣ ከችግኝ ሻጭ የሚገዛው ካላንቾ፣ ጄድ የሚባለው ባለ ወፍራም ቅጠል ቁጥቋጦ፣ እሾሃማዋ ዩፎርቢያ። ሰኩለንት ተብለው ይጠራሉ።

ድርቅ ይችላሉ መባላቸው አንድ ጣጣ አለው። ተክሉ ሲያዝን ያየ ሁሉ "ውሃ አንሶት ነው" ብሎ ጣሳ ያነሳል። በወሎ ግን ኅዳር ላይ የሚታየው ጉዳት በአብዛኛው ሐምሌና ነሐሴ ላይ የተጠነሰሰ ነው። ስለዚህ ከታች ያሉትን ምልክቶች ሲያነቡ ተክሉ ክረምቱን የት እንዳሳለፈ አብረው ያስታውሱ።

ግርጌው ለስልሷል፣ ቅጠሉ ሲነኩት ይረግፋል

ይህ የሥር መበስበስ ነው፤ ከሁሉም ችግር በላይ ተክል የሚገድለውም እሱ ነው። ለማረጋገጥ ተክሉን ቀስ ብለው ነቅለው ሥሩን ይመልከቱ። ጤነኛ ሥር ነጣ ያለና ጠንካራ ነው። የበሰበሰው ጠቁሮ፣ በሁለት ጣት ይዘው ሲስቡት ልጡ እንደ ካልሲ ይወልቅና መሃሉ ላይ ቀጭን ክር ብቻ ይቀራል። ሽታውም አያሳስትም።

ምክንያቱ ከሦስት ቦታ ይመጣል። አንደኛው መረሬ አፈር ነው፤ ሲረጥብ ተጣብቆ ለሥሩ አየር አያሳልፍም። ሁለተኛው ታቹ ያልተበሳ የቀለም ጣሳ ወይም የዘይት ጀሪካን ነው፤ ውሃው መውጫ ስለሌለው ከታች ይጠራቀማል። ሦስተኛው ሰው የማይጠረጥረው ነው፦ የቡና ሰዓት። ሲኒ የታጠበበት ውሃና የጀበና እጣቢ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ በረንዳ ላይ ያለ እሬት ሥር ይደፋል። የሚደፋው ሰው ለአበባው አዝኖ ነው፤ እሬቱ ግን በጋውንም ክረምት አድርጎ ያሳልፈዋል።

መፍትሄው መቁረጥ ነው። ንጹሕ ቢላ ይዘው ከለሰለሰው ክፍል ከፍ ብለው ይቁረጡና የተቆረጠውን ፊት ይዩ። መሃሉ ላይ ቡናማ ነጥብ ወይም ቀለበት ካለ ብስባሹ ገና አልተወገደም፤ ንጹሕ እስኪሆን ድረስ ወደ ላይ መቁረጥዎን ይቀጥሉ። የተረፈውን ጥላ ሥር ከ4 እስከ 7 ቀን ያስቀምጡት፤ ቁስሉ ደርቆ ቆዳ ማበጀት አለበት። ወፍራም እሬት ከዚህም በላይ ሊፈልግ ይችላል። እርጥብ ቁስል አፈር ውስጥ ማስገባት በሽታውን እንደገና መትከል ነው። ከዚያ አንድ እጅ የግቢ አፈር፣ አንድ እጅ ሻካራ አሸዋ፣ አንድ እጅ ደቃቅ ጠጠር ቀላቅለው ይትከሉት፤ ለሳምንት ያህልም ውሃ አይስጡት። አሸዋው ለኮንክሪት የሚሆነው ዓይነት ይሁን። የልስን አሸዋ ደቃቅ ስለሆነ የአፈሩን ቀዳዳ ይደፍናል። ገረጋንቲም ይሆናል፤ ግን አቧራው በወንፊት ይውጣለት።

መሬት ላይ ለሚተክል ሰው የደሴ ዳገት ሥራውን አቅልሎለታል። ድንጋይ ክቦ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ መሥራት ብቻ ይበቃል። መረሬ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ ጠጠር መሙላት ግን አይጠቅምም፤ ውሃው ከዙሪያው ሰርጎ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። ሌላ ቦታ የተጻፈ ምክር ይዞ የሚመጣ ሰው የሚረሳው ነገርም አለ፦ ወሎ በልግ አለው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የሚጥለው ዝናብ ለደጋው ገብስ በረከት ቢሆንም በጋውን በደረቅ አፈር ለኖረ ሰኩለንት ሁለተኛ የመበስበስ ወቅት ነው። ጣሳዎቹ ከጣሪያ ጠብታ መሸሽ ያለባቸው ክረምት ላይ ብቻ አይደለም።

ቅጠሉ አማረ፣ አበባ ግን የለም

በመጀመሪያ ማታ ወጥተው አምፖሉን ይዩ። ካላንቾ የሚያብበው የሌሊቱን ርዝመት ቆጥሮ ነው። ሌሊቱ ከ12 ሰዓት መርዘም ሲጀምር፣ በእኛ አገር ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ማለት ነው፣ ቅጠል ማውጣቱን ገታ አድርጎ እምቡጥ ማዘጋጀት ይጀምራል። ጨለማው ግን ያልተቋረጠ መሆን አለበት። እኩለ ሌሊት ላይ ለአጭር ጊዜ የበራ መብራት እንኳ ቆጠራውን ያፈርሰዋል፤ ተክሉ ረጅሙን ሌሊት እንደ ሁለት አጭር ሌሊት ያነበዋል። ሌሊቱን ሙሉ መብራት በሚያድርበት በረንዳ፣ በሱቅ ደጃፍ ወይም የመንገድ መብራት በሚያርፍበት አጥር ላይ ያለ ካላንቾ ለምልሞ ለምልሞ ዓመቱን ያለ አበባ የሚጨርሰው በዚህ ነው። መብራት ሲጠፋ የሚጠቀም የቤተሰብ አባል ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

ቀላሉ መፍትሄ ጣሳውን ከመብራቱ ጀርባ፣ ወደ ጓሮ ማዛወር ነው። ማዛወር ካልተቻለ ወይም አበባው ቶሎ እንዲመጣ ከተፈለገ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ካርቶን ይድፉበት፤ 14 ሰዓት ጨለማ ያገኛል። ይህ ለ6 ሳምንት ያህል ሳይዘለል ይደረጋል። ቀን ቀን ሙሉ ብርሃን ካላገኘ ግን ካርቶኑ ብቻውን ምንም አይሠራም። እምቡጡ በግልጽ ከታየ በኋላ መሸፈኑ ይቅር፤ አበባው እስኪከፈት ጥቂት ሳምንታት መታገሥ ነው።

መብራቱ ጥፋተኛ ካልሆነ ፍጉን ይጠርጥሩ። ትኩስ ፍግ ወይም ዩሪያ የጠገበ ሰኩለንት ቅጠል እንጂ አበባ አያስብም፤ ግንዱም ውሃ ጠግቦ ለብስባሽ ይመቻል። ከነሐሴ ጀምሮ ምንም አይጨምሩበት። ሌላው ሰበብ መቀስ ነው። ጫፉን እየቀነጠቡ ቅርንጫፍ ማብዛት ጥሩ ልማድ ቢሆንም ከነሐሴ መጨረሻ በኋላ የሚቀነጠበው ጫፍ እምቡጥ የሚሆነው ጫፍ ነው።

እሬት ሲሆን ጉዳዩ ይለያል። ከእናቱ ጎን ተነጥሎ የተተከለ ቡቃያ ለማበብ ጥቂት ዓመት ይፈልጋል፤ ጥላ ሥር ከሆነ ደግሞ ዘንጉን ሳያወጣ ሊኖር ይችላል። ጄድም እስኪያረጅ አያብብም፤ ሲያረጅም የሚፈልገው ደረቅ አፈርና ቀዝቃዛ ሌሊት ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ሐረጎ ላይ ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ጄድን ለማስበብ የደሴ ሰው ይቀናዋል። እሾሃማዋ ዩፎርቢያ ግን በተቃራኒው ሙቀት ወዳድ ናት፤ ኮምቦልቻ ይስማማታል፣ ወደ ባቲ ሲወርዱ ደግሞ ይበልጥ። ስትቆርጧት የሚፈሰው ነጭ ወተት ዓይን እንዳይነካ ይጠንቀቁ፤ እንደ ቁልቋል ወተት ነው።

ከውጭ አገር ዘመድ ይዞት የመጣ፣ ትልቁ ሴደም የሚባል ሰኩለንት ያላችሁ ደግሞ አትድከሙ። አውሮፓ ውስጥ ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት ግቢ የሚያደምቀው ይህ ተክል እምቡጥ የሚይዘው በሞቃት ወራታቸው ቀኑ ሲረዝም ነው። የእኛ ረጅሙ ቀን 13 ሰዓት እንኳ አይሞላም። ለቅጠሉ ውበት ያኑሩት፤ አበባ አይጠብቁበት።

ቅጠሉ ተጨማደደ

ውሃ ከመስጠትዎ በፊት ጣትዎን አፈሩ ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ ያስገቡ። ደረቅ ከሆነ ጥማት ነው፤ አንዴ አጥግበው ያጠጡት፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ይሞላል። እርጥብ ከሆነ ግን ሥሩ በስብሶ መጠጣት አቅቶታል፤ ወደ መጀመሪያው ክፍል ይመለሱ። በበጋ ለጣሳ ተክል አፈሩ እስከ ታች ሲደርቅ ማጠጣት ይበቃል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጠብ ማድረግ ከሁሉ የከፋው ነው።

ግንዱ ረዝሞ ቅጠሉ ከተራራቀ ብርሃን አንሶታል፤ ጫፉን ቆርጠው ይትከሉና ፀሐይ ያሳዩት።

ቅጠሉ ቀላ፣ ነጣ ወይም ጠቆረ

እሬት ኅዳር ላይ ወደ መዳብ ቀለም ቢቀየር በሽታ አይደለም። ፀሐይ፣ ድርቀትና ብርድ ሲገናኙ የሚያወጣው የራሱ ቀለም ነው፤ ለእኔ ከአበባው አይተናነስም።

ፀሐይ በምትመታው ወገን ብቻ የነጣ፣ ቆይቶም ቡናማ ወረቀት የሚመስል ጠባሳ ግን ቃጠሎ ነው። ክረምቱን ቤት ውስጥ የቆየን ተክል መስከረም ላይ በአንድ ቀን ፀሐይ ላይ ማውጣት ያመጣዋል። ጠባሳው አይድንም፤ አዲስ ቅጠል ይተካዋል። ለቀጣዩ ዓመት በመጀመሪያ የጠዋት ፀሐይ ብቻ፣ ከዚያ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ሙሉ ቀን ያለማምዱት።

ጠዋት ላይ የተቀቀለ መስሎ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ቀትር ላይ የሚጠቁር ቅጠል ውርጭ የመታው ነው። ደላንታና መቄት ያለ ሰው ይህን መንገር አያስፈልገውም። ደሴም ቢሆን ከኅዳር እስከ ጥር፣ ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ በሌለበት ሌሊት፣ ዝቅ ያለው ግቢ ዳገቱ ላይ ካለው ቀድሞ ይመታል፤ ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ወደ ታች ስለሚወርድ። ጣሳዎቹን ፀሐይ ሲመታው ወደ ዋለ የድንጋይ ግድግዳ ያስጠጉ፤ ግድግዳው ማታ ሙቀቱን ይመልሳል። መሬት ላይ ላሉት አራት እንጨት ተክለው ጆንያ ይዘርጉና ጠዋት ያንሱት። ላስቲክ ቅጠሉን ከነካ የነካበት ቦታ ይመታል። የጠቆረውንም ጥር እስኪያልፍ አይቁረጡት፤ የሞተው ቅጠል ከበታቹ ላለው ለጋ ጫፍ መጠለያ ይሆናል።

ቅጠሉ ሥር ነጭ ጥጥ አለ

ሚሊባግ የሚባል ተባይ ነው። ብዙ ጊዜ ጉንዳኖች ከሥሩ ሲመላለሱ ያያሉ፤ ተባዩ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ይልሳሉ፣ በምላሹም ይጠብቁታል። ከፋርማሲ 70 በመቶ አልኮል ገዝተው በጥጥ አንድ በአንድ ይንኩት፤ በየሳምንቱ ይድገሙት፣ እንቁላሉ በአንድ ጊዜ አያልቅምና። አረቄም አልኮል ነው ለሚል ሰው፦ ጥንካሬው ከቤት ቤት ስለሚለያይ ለጠጪው ይተውለት። ዘይት የተቀላቀለበት ርጭት አይጠቀሙ፤ ቅጠሉን የሚጠብቀውን ሰም ይገፈዋል።

በግቢዎ በለስ ካለና ነጩ ነገር እሱ ላይ ከታየ በእንጨት ይጨፍልቁት። ደም የመሰለ ቀይ ከወጣ ኮቺኒል ነው፤ በደቡብ ትግራይ ብዙ በለስ ያጠፋው ያው ተባይ። በለስ ነክ ያልሆኑትን፣ እሬትንም ካላንቾንም፣ አይነካም። የተበከለውን ክፍል ቆርጠው ይቅበሩት።

ጥጥ ሳይሆን ዱቄት የተነሰነሰ ከመሰለ ሻጋታ ነው። ተክሎቹን ያራርቋቸው፣ ውሃ ቅጠል ላይ አያፍስሱ፣ የተበከሉትን ቅጠሎች ለቅመው ያስወግዱ።

አበባው ካለቀ በኋላ

የደረቀውን የካላንቾ አበባ ከነዘንጉ፣ ከመጀመሪያዎቹ ጥንድ ቅጠሎች በላይ ይቁረጡት። ቁርጥራጩን ፍየልና በግ በሚደርሱበት ቦታ አይጣሉ፤ ካላንቾ የእንስሳትን ልብ የሚጎዳ መርዝ አለው፣ አበባው ደግሞ ከቅጠሉ ይብሳል። ሣር ባለቀበት ወር የተራበ ፍየል አይመርጥም። ለማባዛት የሚፈልጉትን ቅርንጫፍ ጥር ላይ ቆርጠው፣ አድርቀው ይትከሉ፤ የበልጉ ዝናብ ከመጣሉ በፊት ሥር ይይዝና ጣሪያ ሥር ሆኖ ያሳልፈዋል።