የጎረቤት ድመት ጓሮ ስታበላሽ ምን ማድረግ ይገባል? ለአትክልተኛውም ለድመቷ ባለቤትም

ለዘር የተዘጋጀ መደብ ድመት ለመጸዳጃነት ከምትመርጠው ቦታ በምንም አይለይም። አፈሩ የለሰለሰ፣ ላዩ የደረቀ፣ በመዳፍ በቀላሉ የሚጫር ነው። ድመት ወደ ሰው ጓሮ የምትገባው ይህን ስላገኘች እንጂ ተንኮል አስባ አይደለም። ስለዚህ መፍትሔው እሷን በማሳደድ አይጀምርም። በአንድ በኩል የእርስዎ አፈር እንዳይመቻት ማድረግ፣ በሌላ በኩል ደግሞ በባለቤቷ ግቢ የሚመቻት ቦታ እንድታገኝ ማድረግ ያስፈልጋል። አንዱ ብቻ ሲሠራ ችግሩ ከአንዱ ጎረቤት ወደ ሌላው ይዛወራል እንጂ አይጠፋም። የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ጓሮው ላለው ሰው፣ ቀጣዮቹ ድመቷ ላለችው ሰው የተጻፉ ናቸው።

1. ጥፋተኛዋ በእርግጥ ድመት መሆኗን ያረጋግጡ

ጎረቤትን ከመክሰስ በፊት አፈሩን ይመልከቱ። ውሻ ሲቆፍር አፈሩን ወደ ኋላው ይበትናል፣ ጉድጓዱንም ክፍት ትቶት ይሄዳል። ወፎች ላዩን ይጭራሉ እንጂ ጠልቀው አይቆፍሩም። አይጥ የምትተወው ጠባብና ወደ ውስጥ የሚዘልቅ ቀዳዳ ነው። የድመት ሥራ በአብዛኛው የሚታወቀው በመሸፈኑ ነው፤ ትንሽ የአፈር ጉብታ፣ በዙሪያው ደግሞ ከየአቅጣጫው ወደ መሃል የተሳቡ የጥፍር መስመሮች ይታያሉ።

ዕድል አግኝተው ድመቷን በሥራዋ ላይ ካዩዋት ዝም ብለው ይከታተሏት። መጀመሪያ ታሸታለች። ቀጥላ በአንድ የፊት እግሯ አፈሩን ጫር አድርጋ ትፈትሻለች። ከተስማማት ትንሽ ጉድጓድ ትቆፍርና ዞር ብላ ትቀመጣለች፤ ስትጨርስ መልሳ ታሸትና አፈር ትስብበታለች። ፍተሻው ላይ መዳፏ እርጥበት፣ ሽቦ ወይም የሚወጋ ነገር ካገኘ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ቦታ ፍለጋ ትሄዳለች። ከዚህ በታች የምገልጻቸው የአፈር መከላከያዎች በሙሉ የሚሠሩት በዚህች አጭር ፍተሻ ላይ ነው።

ድመቶች በብዛት የሚንቀሳቀሱት ጎህ ሲቀድና ጀምበር ስትጠልቅ በመሆኑ ለመከታተልም የተሻሉት እነዚህ ሰዓቶች ናቸው። መልኳን፣ የአንገት ማሰሪያ ያላት መሆኑን፣ በየት በኩል ገብታ በየት እንደምትወጣ ይመዝግቡ፤ ከተቻለ ፎቶ ያንሱ። ከአንዱ ጆሮዋ ጫፍ ቀጥ ተደርጎ የተቆረጠላት ከሆነች በብዙ አገሮች ይህ ምልክት ድመቷ ባለቤት የሌላት ሆና ተይዛ፣ እንዳትወልድ ተደርጋ የተለቀቀች መሆኗን ያሳያል።

2. የቆሸሸውን በጥንቃቄ ያንሱ

የድመት ኩስ እንደ ከብት ፍግ ለአፈር ማዳበሪያ አይሆንም፤ የሚበላ አትክልት በሚበቅልበት መደብ ውስጥም ሆነ በብስባሽ ክምር ውስጥ መጨመር የለበትም። ምክንያቱ ጥገኛ ተዋሲያን ናቸው። ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተዋሲ በድመት አንጀት ውስጥ ተራብቶ ከኩሷ ጋር ይወጣል። ከወጣ በኋላ በሽታ ለማስተላለፍ ከ1 እስከ 5 ቀን ይፈጅበታል፤ ከዚያ በኋላ ግን በእርጥብ አፈር ውስጥ ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። አንዲት ድመት ተዋሲውን የምታስወጣው በአብዛኛው ለመጀመሪያ ጊዜ በተያዘች ሰሞን፣ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ለሚሆን ጊዜ ነው። ስለዚህ እያንዳንዷን ድመት እንደ በሽታ ምንጭ መፍራት አያስፈልግም፤ አፈሩ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ጓንት ያድርጉ፣ ኩሱን በዙሪያው ካለው አፈር ጋር በአካፋ አንስተው በከረጢት ቋጥረው ከቆሻሻ ጋር ያስወግዱ። ከዚያም እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ ከጓሮው የሚለቀሙ አትክልቶችንም በሚገባ ያጥቡ። ነፍሰ ጡር ሴት እና በሕመም ወይም በመድኃኒት ምክንያት የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው ይህን ሥራ ለሌላ ሰው ቢተዉት ይሻላል፤ ቶክሶፕላዝማ በፅንስ ላይ ከባድ ጉዳት ሊያደርስ ይችላልና። ልጆች የሚጫወቱበት አሸዋ ካለ ጨዋታው ሲያበቃ ሁልጊዜ ይከደን።

ድመት ወደ ቀድሞ ቦታዋ የሚመልሳት ጠረን ስለሆነ ሽንት የነካውን ግድግዳ ወይም ወለል በሚገባ ያጥቡ። በዚህ ጊዜ አሞኒያ ያለበትን ማጽጃ አይጠቀሙ፤ ሽንትም የአሞኒያ ጠረን ስላለው እንድትመለስ ይጋብዛታል። ኢንዛይም ያለበት ማጽጃ የተሻለ ይሠራል።

3. አፈሩን ይሸፍኑ

ከሁሉም መከላከያዎች አንድ ብቻ ምረጥ ብባል የዶሮ ሽቦን እመርጣለሁ። ርካሽ ነው፣ ማንንም አይጎዳም፣ ዝናብ አያጥበውም፣ ሌሊትም ይሠራል።

ዓይኑ ከ2 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለውን ሽቦ ከመደቡ በየጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲተርፍ አድርገው ይቁረጡ። የተቆረጠው ጫፍ የእርስዎን እጅም የድመቷን እግርም ስለሚወጋ ጠርዙን ወደ ታች አጥፈው አፈር ውስጥ ይቅበሩት። ሽቦውን አፈሩ ላይ ዘርግተው፣ ሁለት እግር እንዲኖረው በታጠፈ ወፍራም ሽቦ በየቦታው ከመሬቱ ጋር ያያይዙት። ከፈለጉ 1 ወይም 2 ሳንቲ ሜትር አፈር ይመልሱበት። ዘሩ በሽቦው ዓይን መሃል ይወጣል፤ ድመቷ ለመጫር ስትሞክር ግን ጥፍሯ ሽቦ ላይ ያርፋል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ግንዱ የሚወፍር ተክል ከሆነ ሽቦው እያነቀው እንዳያድግ በችግኙ ዙሪያ ሰፊ ቀዳዳ ይቁረጡለት። ካሮት፣ ቀይ ሥርና የመሳሰሉት ከሥራቸው የሚነቀሉ ከሆኑ ደግሞ ሽቦውን ፈጽሞ አይቅበሩት፤ ላዩ ላይ ብቻ ይዘርጉትና ቅጠሉ ጣት ያህል ሲያድግ ያንሱት። ቅጠል በሽቦ ዓይን ውስጥ ገብቶ ከሰፋ በኋላ ማንሳት ችግኙን መንቀል ነው።

ሽቦ ለሌለው ሰው ቀጫጭን እንጨቶች አሉ። ድመት ለመዞርና ለመቀመጥ የሚበቃ ክፍት ቦታ ካላገኘች ስለማትቆፍር፣ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ አጫጭር እንጨቶች ቀጥ አድርጎ መትከል ብቻውን ብዙ ይረዳል። እንጨቱ ለማረም ጎንበስ ያለ ሰው ዓይን እንዳይወጋ ጫፉ ደብዛዛ ይሁን። ከአጥር የተከረከመ እሾሃማ ቅርንጫፍ፣ ሸካራ የእንጨት ስብርባሪ ወይም ድመቷ ልትጭረው የማትችለው ትልልቅ ጠጠርም በአበባ ተክሎች ሥር ይሆናል። በጉዝጓዝነት የሚሸጠውን የካካዋ ገለባ ግን አይጠቀሙ፤ ቸኮሌትን ለድመትና ለውሻ መርዝ የሚያደርገው ንጥረ ነገር በውስጡ አለ።

ድመት እርጥብ አፈር ስለማትወድ ከመምሸቱ በፊት መደቡን ውሃ ማጠጣትም ያግዛል። ዘላቂው መከላከያ ግን ባዶ መሬት አለመተው ነው። ተቀራርበው የተተከሉና መሬቱን የሸፈኑ ተክሎች ባሉበት የምትቆፍርበት ቦታ አይኖርም።

4. መሣሪያዎችን በልክ ይመኑ፣ ጎጂውን ይተዉ

እንቅስቃሴ ሲኖር በራሱ ውሃ የሚረጭ መሣሪያ፣ የቧንቧ ውሃ ላለውና ዋጋውን ለሚችል ሰው ውጤታማ ነው፤ ድመቷን ያስደነግጣታል እንጂ አይጎዳትም። በሰው ጆሮ የማይሰማ ቀጭን ድምፅ የሚያወጡት መሣሪያዎች ግን ከማስታወቂያቸው ያነሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት በሁለት ሙከራ ፈትሿቸው፣ በአንደኛው ወደ ጓሮ የሚገቡ ድመቶች በሲሶ ገደማ መቀነሳቸውን አሳይቷል። ሲሶ መቀነስ ጥቅም የለውም አልልም፤ ብቻውን ግን መደብ አያድንም። የብርቱካንና የሎሚ ልጣጭ ጠረንም አንድ ዝናብ ሲዘንብ ይጠፋል።

ጎጂ የሆኑት ደግሞ እነዚህ ናቸው። ለልብስ ብል መከላከያ የሚውለው ናፍታሊን መርዝ ነው። በርበሬ ድመቷ መዳፏን ስትልስ አፏንና ዓይኗን ያቃጥላል። የቡና አተላ ካፌይን ስላለው ከተበላ ይመርዛል። ለመኪና ራዲያተር የሚውለው ፀረ በረዶ ፈሳሽ ጥቂቱ ብቻ ኩላሊቷን አጥፍቶ ይገድላል፤ አሟሟቱም እጅግ የሚያሠቃይ ነው። እንስሳን መመረዝ ጭካኔ ነው፤ በብዙ አገሮችም ወንጀል ነው። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው የእንስሳት ደኅንነት ሕግ ያስቀጣል። መርዙ ደግሞ ድመትን ብቻ መርጦ አይጎዳም፤ ልጅም ውሻም ሊደርስበት ይችላል።

5. ባለቤቱን ያነጋግሩ

ብዙ ሰው ይህን የመጨረሻ አማራጭ ያደርገዋል፤ እኔ ግን ሽቦው እንደተዘረጋ ወዲያው መደረግ አለበት እላለሁ። የድመት ባለቤት ድመቱ ከግቢ ወጥታ ምን እንደምታደርግ አያይም። ቤት ውስጥ ስትጸዳዳ ባያያት እንኳ የት እንደምትሄድ አስቦበት ላያውቅ ይችላል።

በተናደዱበት ሰዓት አይሂዱ፤ ሌላ ሰው ባለበትም አያንሱት። እንዲህ ብለው ቢጀምሩ ጥሩ ነው፦ «እንደምን ዋሉ፤ ስለ ድመትዎ አንድ ነገር ላማክርዎ ፈልጌ ነው። የዘራሁት መደብ ላይ እየተጸዳዳች ችግኙ እየተነቀለብኝ ነው። እኔ በበኩሌ ሽቦ ዘርግቻለሁ፤ በእርስዎ በኩል ደግሞ ግቢዎ ውስጥ አሸዋ ቢያዘጋጁላት ይቀንሳል ብዬ አስባለሁ።» ፎቶውን የሚያሳዩት «የእኔ አይደለችም» ከተባሉ ብቻ ነው። የሚጠይቁት ነገር ግልጽና ሊሠራ የሚችል ይሁን። «ድመትህን ያዝ» የሚል ጥያቄ መልስ የለውም፤ ሰውዬው ምን አድርጎ እንደሚይዛት አያውቅም።

6. ድመት ካለዎት ኃላፊነቱ የእርስዎ ነው

ድመት በተፈጥሮዋ ዘዋሪ መሆኗ ባለቤቷን ከኃላፊነት ነፃ አያደርገውም። የምትበላው ከእርስዎ እጅ ከሆነ መጸዳጃዋም በእርስዎ ግቢ መሆን ይገባዋል።

ከመጸዳጃው ይጀምሩ። ቤት ውስጥ ከሆነ የእንስሳት ሐኪሞች የሚመክሩት በድመቶቹ ቁጥር ልክ፣ በተጨማሪም አንድ ትርፍ ሣጥን ማስቀመጥ ነው። ከምግቧ የራቀና ጸጥ ያለ ቦታ ይፈልጋል፤ በየቀኑም መጽዳት አለበት። ድመት የቆሸሸ ሣጥን ትታ የጎረቤት መደብ የምትመርጠው ንጽሕና ስለምትወድ ነው። ውጪ ከሆነ ከግቢው ጥግ፣ ከዝናብ በሚከለል ቦታ አፈሩን ቆፍረው ደረቅና ደቃቅ አሸዋ ይሙሉበት። መጀመሪያ ላይ ቀድሞ ከምትጸዳዳበት ቦታ ጥቂት አፈር ከአሸዋው ጋር ቢቀላቅሉ ቦታውን በጠረኑ ታውቀዋለች።

ቀጥሎ ማምከን ነው። ያልተኮላሸ ወንድ ድመት ሩቅ ይዞራል፣ ይጣላል፣ ግዛቱን ለማመልከት በየግድግዳው ሽንቱን ይረጫል፤ ሲኮላሽ ከ10 ወንዶች በ9 ያህሉ ይህ መርጨት ይቆማል ወይም ይቀንሳል። ሴቷ በ4 ወሯ ልታረግዝ ትችላለች፤ እርግዝናዋም 9 ሳምንት ገደማ ብቻ ነው። ግልገሎቹን ማን እንደሚያሳድግ ሳይታወቅ ማስወለድ የሰፈሩን ችግር ማብዛት ነው። ስለዚህ ድመትዎ 4 ወር ሲሞላት የእንስሳት ሐኪም ያማክሩ፤ ክትባቷንና የጥገኛ ትላትል መድኃኒቷንም በዚያው ይጠይቁ።

ከምሽት እስከ ማለዳ ቤት ውስጥ ማቆየት ለመደቡም ለወፎችም ለድመቷም ደኅንነት ይጠቅማል። ወፍ እያደነች ለምታስቸግር ድመት እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የእንግሊዙ የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ጥናት ጥሩ መላ ይዟል። ሥጋ የበዛበት ምግብ የተሰጣቸው ድመቶች ወደ ቤት የሚያመጡት ግዳይ በ36 በመቶ ቀንሷል፤ በቀን ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ባለቤቶቻቸው ያጫወቷቸው ደግሞ በ25 በመቶ ቀንሰዋል። በዚሁ ጥናት በአንገት ላይ የሚታሰረው ቃጭል ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። የአንገት ማሰሪያ ካሰሩላት ቅርንጫፍ ቢይዘው በራሱ የሚፈታ ዓይነት ይሁን።

በአገርዎ ወይም በከተማዎ ያለውን ደንብም ይወቁ፤ ልዩነቱ ሰፊ ነውና። እንግሊዝ ውስጥ ከሰኔ 10 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለቤት ያላት ድመት 20 ሳምንት ሳይሞላት ማይክሮቺፕ (ከቆዳ ሥር የሚገባ፣ ባለቤቷን ለማወቅ የሚያስችል ትንሽ መለያ) እንዲደረግላት ሕጉ ያስገድዳል። በአውስትራሊያ ዋና ከተማ ካንቤራ ደግሞ ከሐምሌ 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተወለዱ ድመቶች ከባለቤታቸው ግቢ እንዳይወጡ ተደንግጓል።

7. ባለቤት ከሌላት

ሁሉም ይመግባታል፣ ማንም የእኔ አይላትም። እንዲህ ያለችውን ድመት ማባረር አያዋጣም፤ ምግብ እስካለ ድረስ በእሷ ቦታ ሌላ ይመጣል። የሚሻለው ጎረቤቶች ተነጋግረው የሚመግባትን አንድ ሰው መምረጥ፣ ምግቡን በተወሰነ ሰዓት አቅርቦ ትርፉን ማንሳት፣ ወጪውን ተጋርቶም በእንስሳት ሐኪም እንድትመክን ማድረግ ነው። በአካባቢዎ ይህን የሚሠራ የእንስሳት ደኅንነት ማኅበር ካለ ለመያዝም ይረዳዎታል፤ የዱር ጠባይ ያላትን ድመት በባዶ እጅ ለመያዝ አይሞክሩ።

ከጓሮዎ ጥግ ግልገሎች ካገኙ ወዲያው አያንሷቸው። እናታቸው ምግብ ፍለጋ ሄዳ ሊሆን ስለሚችል ጥቂት ሰዓታት ከሩቅ ይጠብቁ፤ ጠረንዎና እንቅስቃሴዎ እንዳትመለስ ሊያደርጋት ይችላል። ከተመለሰች ግልገሎቹ ጡት እስኪተዉ ድረስ ከእሷ ጋር ይተዉዋቸው። ከሰው ጋር የሚላመዱት ግን በአብዛኛው ከ2ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ አሳዳጊ ፍለጋውን በዚያው ሰሞን ይጀምሩ።