የከሳ ውሻ በጤናማ መንገድ ክብደት እንዲጨምር መርዳት

ውሻ መክሳቱን ለማረጋገጥ በዓይን ከማየት ይልቅ በእጅ መዳሰስ ይሻላል፤ ጣቶችዎን በጎኑ ላይ ቀስ አድርገው ሲያሳልፉ የጎድን አጥንቶቹ በስሱ ተሸፍነው ሊዳሰሱ ይገባል እንጂ እንደ ጨበጡት እጅ የጣት አንጓዎች ሾለው ሊቆረቁሩዎት አይገባም።

ምግብ ከመጨመርዎ በፊት የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት፤ የአንጀት ትላትል፣ የጥርስ ሕመም፣ የስኳር ወይም የኩላሊት በሽታ ካለበት ምግብ ማብዛት ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። በረሃብ ክፉኛ የተጎዳን ውሻ እንዳሻው እንዲበላ መልቀቅ ደግሞ በደሙ ውስጥ ያለውን የፎስፌትና የፖታሲየም ማዕድናት መጠን በድንገት አውርዶ ሊገድለው ስለሚችል፣ አመጋገቡ በሐኪም ክትትል መጀመር አለበት። ይህን አደጋ ብዙ ሰው ከማዘኑ ብዛት ይዘነጋዋል።

ሐኪሙ ከፈቀደ በኋላ፣ ፕሮቲንና ስብ የበዛበትን ምግብ፣ ለምሳሌ ለቡችሎች የሚዘጋጀውን፣ ከነባሩ ጋር እየቀላቀሉ ከ7 እስከ 10 ባሉት ቀናት ውስጥ ቀስ በቀስ ይተኩ፤ የቀኑንም ድርሻ 3 ወይም 4 ጊዜ ከፋፍለው ያቅርቡለት። ደረቁን ምግብ ለብ ባለ ውኃ ማራስ ሽታውን ስለሚያወጣው ፍላጎቱን ይቀሰቅሳል። ከዚህ በላይ ቅባት ማብዛት ግን ቆሽቱን ሊያስቆጣ ይችላል፤ ሽንኩርት፣ ቸኮሌትና ዘቢብም ለውሻ መርዝ ናቸው። በየሳምንቱ ይመዝኑትና ክብደቱን ይመዝግቡ።