የደባርቅን መስመር የሽርሽር መስመር ለማድረግ ከየት እንጀምር?

ጎንደር ባቡር የለም። የደባርቅ መንገድ ግን አለን። ወለቃን፣ ኮሶዬን፣ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፎ ሰሜን ተራሮች ደጃፍ የሚያደርስ፣ ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚሆን፣ ዓይን የማይጠግበው መንገድ።

እንግሊዝ አገር ከሴትል እስከ ካርላይል የሚሄድ የገጠር ባቡር አለ፤ ርዝመቱ ከደባርቅ መንገድ ብዙም አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1970 ትንንሽ ጣቢያዎቹ ተዘጉ። በ1980ዎቹ ደግሞ ባለ 24 ቅስቱ የሪብልሄድ ድልድይ አርጅቷል፣ ማደሻው ውድ ነው ተብሎ መስመሩ ራሱ ሊዘጋ ነበር። የአካባቢው ሰው ግን እምቢ አለ። ቀድሞም በ1970ዎቹ ለእግር ተጓዦች የእረፍት ቀን ባቡር ተጀምሮ ነበር፣ በጎ ፈቃደኞችም ተሳፋሪውን ከጣቢያ ተቀብለው ተራራ ያስወጡት ነበር። በ1986 ስምንት ጣቢያዎች ተከፈቱ፤ በ1989 መንግሥት መዝጋቱን ተወው። ይህን እኛም በሚኒባስ መሥራት እንችላለን።

መጀመሪያ ማስታወቂያ እንዳትሠሩ። መጀመሪያ መመለሻ አዘጋጁ።

አንድ ቅዳሜ አክስቴን ኮሶዬ ወሰድኳት። ቆላው ከእግራችን ሥር ወለል ብሎ፣ አክስቴ እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች። ከዚያ መመለሻ ጠፋ። ከደባርቅ የሚመጣው ሚኒባስ ሁሉ ሞልቶ ያልፋል፤ በአንድ ጋቢ ሁለት ሆነን እስከ 12 ሰዓት ቆመን በመጨረሻ አይሱዙ ጫነን። ዳግመኛ እንሂድ ብላኝ አታውቅም።

ስለዚህ አንድ ቀን ምረጡ፣ ቅዳሜ በሉት። ከጠዋቱ 1 ሰዓት መነሻ፣ ከደባርቅ 9 ሰዓት መመለሻ። ባይሞላም ይውጣ። "ሲሞላ ይወጣል" ለሽርሽር አይሆንም፤ ቀኑን አስልቶ የመጣ ሰው መናኸሪያ ውስጥ ሁለት ሰዓት ከቆየ ጉዞው እዚያው አለቀ። ግን ተራ የሚያዛባ ነገር ስለሆነ ቀድማችሁ ከሚኒባስ ባለንብረቶች ማኅበርና ከመናኸሪያው ስምሪት ጋር ተነጋገሩ፣ አለበለዚያ በመጀመሪያው ቅዳሜ ጠብ ይነሳል። የባዶ ወንበሩን ነዳጅ ተጠቃሚ የሚሆኑት ሎጆችና ቡና ቤቶች ይጋሩት፤ ወንበሩንም ቀድማችሁ በቴሌብር ሽጡ። ዋዜማውን መንገዱ ሰላም መሆኑን አረጋግጡ፤ ጥርጣሬ ካለ ሰርዙና ገንዘቡን ያኔውኑ መልሱ።

መኪናው ላይ ብዙ ወጪ አያስፈልግም። መስኮቱን የሸፈነውን ስቲከር ላጡት። እውነቴን ነው፤ ሰው የሚከፍለው ለመስኮቱ ነው። ትርፍ አትጫኑ። ሻንጣው ጣራ ላይ ይታሰር፣ መተላለፊያው ይለቀቅ። ኮሶዬ ላይ 20 ደቂቃ ቁሙ፤ ንጹህ መጸዳጃ ይኑር፣ ቡናውን የሰፈሩ ሴቶች ያፍሉ። ጭላዳ ካጋጠመ ረዳቱ "ምግብ አትስጡ" ብሎ ይንገር።

ዋጋው ለሁሉም አንድ ይሁን። ፈረንጅ ሲያዩ እጥፍ መጥራት ስማችንን ያጠፋል፣ ወሬውም ከእኛ ማስታወቂያ ይፈጥናል።

አሁን ማስታወቂያ። አንድ ገጽ ይበቃል። መነሻና መመለሻ ሰዓቱን በእኛም በውጭም አቆጣጠር ጻፉ፤ የእኛን 1 ሰዓት የውጭ ሰው ከሰዓት በኋላ ወይም ከእኩለ ሌሊት በኋላ አድርጎ ይወስደዋል። ፒያሳ አካባቢ ሆቴሎች ላይ ለጥፉ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ልቀቁ። ግን ቱሪስት ብቻ አትጠብቁ። ሰሜን ተራሮችን ሳያይ የሚመረቅ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስንት አለ! ለጥምቀት የሚመጣው እንግዳም ጥር 11 ካለፈ በኋላ አንድ ቀን እንዲያድር በዚህ አባብሉት። ከመስከረም አደይ አበባ ጀምሮ መንገዱ ራሱ ይጣራል።

ረዳቱ ደብተር ይያዝ። ስንት ተሳፈረ፣ የት ወረደ፣ ስንት ሰው ቦታ አጥቶ ተመለሰ። በሦስተኛው ወር ደብተሩን ይዛችሁ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ግቡ፣ ሁለተኛ መኪናና ኮሶዬ ላይ የዝናብ መጠለያ ጠይቁ።