የባቡር ሙዚየም ውስጥ አንድ ተራ መዶሻ እንዴት ይጎበኛል?

ሎኮሞቲቭ ማስጎብኘት ቀላል ነው። ሰው ራሱ ሄዶ ፎቶ ይነሳበታል። ችግሩ ጥግ ላይ ያለው እቃ ነው። መዶሻው፣ ፋኖሱ፣ የዘይት ጣሳው፣ የትኬት መብሻው። ጎብኚ ሳያየው ያልፋል።

መጀመሪያ አንድ እቃ ምረጡ። ቢበዛ ሁለት። በግማሽ ሰዓት አስራ ሁለት እቃ የሚያስጎበኝ ሰው አውቃለሁ፤ እኔው ነበርኩ። መጨረሻ ላይ የሚሰማኝ የጥበቃ ሰራተኛው ብቻ ነበር።

ቀጥሎ ስለ እቃው ጠይቁ። አጠገቡ ያለውን ጽሑፍ ብዙም አትመኑ። «መዶሻ፤ ከብረትና ከእንጨት የተሰራ» የሚል አንብቤ አውቃለሁ። ይሄ ለማን ይጠፋዋል? ይልቅ የድሮ ሠራተኛ ፈልጋችሁ ሻይ ጋብዙ። ድሬዳዋ ላይ ከሆናችሁ አትቸገሩም፤ ከተማዋ ራሷ በ1895 ዓ.ም. ከባቡሩ ጋር የመጣች ናት። እኔ አንዱን የምድር ባቡር ጡረተኛ «ጋሼ፣ የዚህ መዶሻ እጀታ ለምንድነው እንዲህ የረዘመው?» አልኳቸው። «ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ቀና እንዳልል ነዋ!» አሉኝ።

ለካ መዶሻው ሚስማር መቺ አይደለም። የብረት ጎማ መመርመሪያ ነው። ሠራተኛው በቆመው ባቡር ጎን እየሄደ እያንዳንዱን ጎማ መታ ያደርጋል። ደህና ጎማ እንደ ደወል ይጮሃል። የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። አንድ ፉርጎ ቢያንስ አራት ጎማ አለው፤ እንግዲህ ቁጠሩት። የድሮው የጅቡቲ መስመር ደግሞ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስንጥቁ ጣቢያ ላይ ካልተሰማ በረሃ መሃል ነው የሚሰማው።

አሁን ዋናው ነገር፣ ማሳየት። እዚህ ላይ ነው ጉድ የሆንኩት። በመጀመሪያው ቀን ራሱን መዶሻ አንስቼ ለእይታ የቆመውን ጎማ መታሁ። እጀታውን ለካ ነቀዝ በልቶታል። የመዶሻው ራስ ተፈናጥሮ የመስታወት ሳጥን ሰበረ። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። ኃላፊው አላጨበጨበም። ስለዚህ የሙዚየም እቃ በጭራሽ አትምቱበት፣ አትምቱትም።

በምትኩ ሁለት የቡና ሲኒ ያዙ፤ አንዱ ደህና፣ አንዱ በስሱ የተሰነጠቀ። ጨብጣችሁ ከያዛችሁት ደህናውም ይታፈናል። ጣቶቻችሁ ጫፍ ላይ አስቀምጡና ጠርዙን በሻይ ማንኪያ ነካ አድርጉት። ጎብኚዎቹ ዓይናቸውን ይጨፍኑ። «የትኛው ነው የተሰነጠቀው?» በሏቸው። ከዚያ ዝም በሉ። ዝም ማለት ከሁሉም ይከብዳል፣ ግን አትቸኩሉ። እኔ ዝም ባልኩበት ቀን አንዲት እናት «ልጄ፣ ይሄማ ምጣድ ስንገዛ የምናደርገው አይደል እንዴ?» አሉኝ። እውነት ነው፤ ገበያ ላይ ምጣዱን በጣታቸው ኳ ኳ አድርገው ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። ስለ መዶሻው ከእኔ የተሻለ ያስረዱት እሳቸው ናቸው።

መዶሻ ከሌላችሁ የካርቶን ትኬትም ይሆናል። ላዩ ላይ ያለውን ተራ ቁጥር አሳዩና ለምን እንዳስፈለገ ጠይቁ። ቁጥር የታተመበትን ካርቶን ትኬት በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያመጣው ቶማስ ኤድመንድሰን የሚባል እንግሊዛዊ የጣቢያ ሠራተኛ ነው። ከዚያ በፊት ትኬት በእጅ ይጻፍ ነበር። ከጎብኚዎቹ መሃል የታክሲ ረዳት ካለ መልሱን ወዲያው ይነግራችኋል፦ ሂሳብ እንዳይጎድል።

ዓመተ ምህረት አታብዙ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው ካላችሁ ይበቃል። ለውጭ አገር ሰው 1917 በሉት። ሁለቱን ባንዴ የጠራችሁ ቀን ቀሪው ጊዜ በመቀነስ ያልቃል።

ሲጨርሱ ሲኒዎቹን ሰብስቡ። የተሰነጠቀው ላይ ምልክት አድርጉበት። እኔ አንዴ ለእንግዳ ቡና ቀድቼበታለሁ፤ ነጭ ሱሪ ነበር የለበሰው።